ቀስቱ ወዴት ያሳይ ነበር?

መርማሪዋ ከተራራው ማረፊያ ቤት ስትደርስ አስከሬኑ ማገዶ ቤት፣ ተጠርጣሪው ደግሞ ዕቃ ቤት ነበር። በሁለቱም ላይ ተቆልፏል። ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ከመዝጋቷ ከኋላዋ ተራራው ራሱ የተንቀሳቀሰ የሚመስል ጉርምርምታ ሰማች፤ ዞር ብትል ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ የመንገድ ሠራተኞች አለቃ በሬዲዮ መገናኛው ነገሩን ግልጽ አደረገላት። ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል፤ ዶዘር መጥቶ እስኪጠርግ የሚወጣም የሚገባም የለም።

«እንግዲህ እኔም ተቆለፈብኝ» አለች ለራሷ።

ይህ ለሷ ቀልድ አልነበረም። መርማሪዋ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት አትወድም፤ ቢሮዋን እንኳ በብርድ ወራት በሩን ከፍታ ነው የምትሠራበት። ባልደረቦቿ «ቆይ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ አለቃዋ መዝገብ ሊዘጋ ሲነሳ፣ ምስክር ንግግሬን ጨረስኩ ሲል፣ ከአፏ የምትወጣው ቃል ሁልጊዜ ይህችው ናት። ዛሬ ግን ቆይ የተባለችው እሷ ሆነች።

በትልቁ ክፍል ሦስት ሰዎች የብረት ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛው የቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሞ ዓይናቸው ያልደከመ ሽማግሌ። ሁለተኛው ወሬ የማያልቅበት የጥርስ ሐኪም ነው። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆኑ ሁሉም እትዬ መምህር ይሏቸዋል። እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈ ሰፊ ቀይ የዝናብ ጃኬት ለብሰዋል፤ እሳት ዳር ሆነው እንኳ አላወለቁትም።

«ሬሳውን ማን አነሳው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔና ዶክተሩ» አሉ ጠባቂው። «ገደል ሥር ትተናቸው አውሬ ቢነካቸው ምን እንላለን? ከላያቸው ላይ ግን አንድም ዕቃ አልነካንም፤ እንዳሉ በሸራ ጠቅልለን አመጣናቸው።»

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ብዙ የሚያደክም አይደለም» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «ገዳዩ የገዛ ወንድማቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ሲጣሉ ሁላችንም ሰምተናል። ‹አንድ ቀን ከገደል እወረውርሃለሁ› ብሎ ዓይናቸው እያየ ተናገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ወረወራቸው።»

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ እዚህ ጉም ውስጥ ምን ልትሠሩ እንደመጣችሁ ንገረኝ።»

«ድንጋይ ፍለጋ» አለና ፈገግ ሊል ሲል የማገዶ ቤቱ ትዝ ብሎት ተወው። «ድሮ አገር ሲለካ ቀያሾች በየተራራው ጫፍ ላይ የናስ ምልክት ተክለዋል። ዛሬ ሳተላይት ስላለ የሚፈልጋቸው የለም። እኛ እንፈልጋቸዋለን። ተራራ ወጥተን፣ ሣር ገልጠን፣ ስናገኝ ፎቶ አንስተን ኢንተርኔት ላይ እንለጥፋለን። ባለቤቴ ‹ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻለኝ ነበር› ትለኛለች። ሟቹ የሁላችን አውራ ነበሩ። ጋሽ ጫፍ የምንላቸው ጫፍ ሳይደርሱ ስለማይመለሱ ነው።»

«እንዴት ነው የምታገኙት?»

«ዋናውን ምልክት አፈርና ሣር ይውጠዋል። ስለዚህ ቀያሾቹ ራቅ አድርገው ሌላ ትንሽ የሲሚንቶ ድንጋይ ተክለዋል፤ አናቱ ላይ ቀስት የተቀረጸበት ናስ አለ። ቀስቱ ወደ ዋናው ያመለክታል። ኮምፓስ በእጅ ይዞ፣ ቀስቱ ባሳየው አቅጣጫ እርምጃ እየቆጠሩ መሄድ ነው።»

«ጋሽ ጫፍም እንደዚያ አደረጉ?»

«ወንድምየው ‹ቀስቱን ተከትሎ ሄዶ ገደል ገባ› ይላል። ውሸቱ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። እኔና አባባ ጠባቂው ከእትዬ መምህር ጋር ሆነን ቀስቱን አይተነዋል፤ ገደሉን ጀርባ ሰጥቶ ወደ ሌላ ወገን ነው የሚያሳየው። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸን።»

ጠባቂው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እትዬ መምህር ግን እሳቱን ያዩ ነበር።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ መምህር። «እርስዎ ይያዙት አሉኝ።»

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። የላምባና የእርጥብ ጆንያ ሽታ መርማሪዋን ተቀበላት። ታናሽየው፣ አርባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። እትዬ መምህር በሩን ከፍተው ዞር ከማለታቸው በፊት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው እግሩ ሥር አስቀመጡለት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም።

«ቁርስ ላይ ያልከውን ብለሃል?»

«ብያለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት አብረን ስንሠራ አንድ ፊደል እንኳ ሳያርመኝ አይውልም ነበር። ለብቻዬ ልሥራ ስለው ሳቀብኝ። ተናድጄ ነው ያልኩት። እሱ ሲናደድ ከዚህ የባሰ ይለኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አብሬው ወጣሁ። ከጫፉ ስንደርስ ጉሙ የገዛ ጫማችንን እንኳ እንዳናይ አደረገን። ቀስቱን አገኘና ደስ አለው። ጓንቱን አውልቆ ባዶ መዳፉን ናሱ ላይ አሳረፈ፤ በባዶ እጅ ያልነኩትን አገኘሁ ማለት ለሱ ነውር ነው። ኮምፓሱን ከጎኑ አድርጎ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ኮምፓሱን እያየ፣ እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ። ሃያ ምናምን ላይ መቁጠሩ ተቋረጠ። ጩኸት እንኳ አልሰማሁም። ተራዬን ጠብቄ ‹ስንት ደረስክ?› አልኩት። መልስ የለም። ቀስ ብዬ በአራት እግሬ ስሄድ እጄ ባዶ ነገር ዳሰሰ። እየጮህኩ ወደዚህ ወረድኩ።»

«ቀስቱ ወዴት ያሳይ ነበር?»

«ወደ ገደሉ። እሱን ነው የምነግራቸው። አሁን ግን ሦስት ሰው አይቶ ሌላ ነው ይላል። እኔም ራሴን ልጠራጠር ምንም አልቀረኝም። ኢንስፔክተር፣ ዶዘሩ ሲመጣ ይወስዱኛል አይደል?»

አልዋሸችውም። «ይወስዱሃል። አለቃዬ በሬዲዮ የሰማው ያው ሦስቱ የተናገሩትን ነው። እንዳለ ከቀረ ዕድሜህን እዚያው ትጨርሳለህ።»

በሩ ሲቆለፍ ድምፁ እሷንም አስደነገጣት።

ማገዶ ቤት ገብታ ሸራውን ገለጠች። ጋሽ ጫፍ ከሞቱ በኋላም የቸኮሉ ይመስላሉ። አንገታቸው ላይ ትንሽ ካሜራ ተንጠልጥሏል፤ መስተዋቱ ተሰንጥቋል እንጂ ሲነኩት በራ። የመጨረሻውን ፎቶ አገኘች። የናስ ክብ፣ በክቡ ጠርዝ ላይ ባዶ መዳፍ፣ ከጎኑ ኮምፓስ። የቀስቱ ጫፍና ሰሜንን የሚያሳየው የኮምፓሱ ቀይ መርፌ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ያያሉ። መርማሪዋ ካሜራውን ኪሷ ከትታ ጠባቂውን ጠራች።

«አባት፣ ወደ ጫፉ ያድርሱኝ። ገመድ ይያዙ።»

«ገደሉ በሰሜን በኩል ነው፤ እጄን ካልለቀቅሽ ምንም አትሆኚም» አሉ ሽማግሌው።

መንገዱ አጭር ቢሆንም ዳገት ነው። እየወጡ ሳለ ጠየቀቻቸው፤ «ከትናንት ወዲህ እዚህ የወጣ ማነው?»

«ሁሉም ወጥቷል። ዶክተሩ ትናንት እንደደረሱ ካሜራ ይዘው ወጡ። እትዬ መምህር ዛሬ ከቁርስ በፊት ወጣ ብለው ነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ አያለሁ ብለው። በዚህ ጉም ምን ፀሐይ አለ? እኔም ውሃ ልቀዳ በዚያው ነው የማልፈው።» ትንሽ ሄደው አከሉ፤ «ዶክተሩና ሟቹም ትናንት ተጨቃጭቀዋል። ዶክተሩ ምልክቶቹን በብረት እየፈነቀሉ ለማስታወሻ ይወስዳሉ አሉ። ጋሽ ጫፍ ከማኅበሩ አስወጣሃለሁ ብለው ዛቱባቸው።»

«ወንድምየው እየጮኸ ሲመጣ ማን የት ነበር?»

«ሦስታችንም እሳት ዳር። እኔና ዶክተሩ በታችኛው መንገድ ወደ ገደሉ ሥር ሮጥን። ወንድምየው እግሩ ከዳውና በሩ ላይ ቀረ። እትዬ መምህር ከላይ ሆኜ ልጥራቸው፣ ምናልባት ይመልሱልኝ ይሆናል ብለው ወደ ጫፉ ወጡ። ድምፃቸው እስከ ታች ይሰማን ነበር። መሃል ላይ ዝም አሉ፤ ደከማቸው መሰለኝ። ኋላ እንደገና ጀመሩ። ሬሳውን አግኝተን ስናበቃ እኛም ወጣንና ሦስታችን ቀስቱን አየን።»

ከጫፉ ሲደርሱ መርማሪዋ ከድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። አጭር የሲሚንቶ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሥሩን አጥቦት ጉድጓዱ ውስጥ ላልቷል። ኮምፓስ አስቀመጠችበት። ቀስቱና ቀዩ መርፌ አሁን ጀርባ ለጀርባ ሆነዋል። በጉድጓዱ ጠርዝ ዙሪያ የበቀለው የድንጋይ ሽበት ተፍቆ ትኩስ አፈር ወጥቷል፤ በሲሚንቶው ጎን ላይ ደግሞ ነጭ፣ ብርማ ጭረቶች አሉ። በጣቷ ስታሻቸው ጣቷን አጠቆሩት።

ቀስቱ አሁን ባሳየው አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ፣ በገመድ ታስራ ሄደች። ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር እግሯን ጠንካራ ነገር መታት። ሣሩን ስትገልጠው ዋናው ምልክት ነበር፤ ማንም ሳይነካው ለዓመታት የተቀበረ። ከተቆለፈባት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

ስትመለስ በበሩ አጠገብ የቆሙትን የተጓዦች ምርኩዞች አንድ በአንድ አየቻቸው። የጥርስ ሐኪሙ ቦርሳ ላይ ጥቁር የብረት መፈንቀያ ታስሯል። ከአሉሚኒየም ምርኩዞቹ አንዱ ከጫፉ ከፍ ብሎ ተጣሟል።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ» አሉ እትዬ መምህር። «ድንጋይ መሃል ገባብኝና ወደቅሁ። ልጁ ዳቦውን በላ?»

«አልነካውም።»

«እህል ውሃ ሳይቀምስ ሊውል ነው» አሉ፤ ድምፃቸውም ተሰበረ። እጃቸውን ቁልፉ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ጃኬቱ ይሰፋዎታል፣ እትዬ።»

«ሞቅ ያደርጋል።»

መርማሪዋ የጥርስ ሐኪሙን ለብቻው ወደ ኩሽናው ወሰደችው።

«ከዚህ በፊት ከናንተ መካከል የሞተ ሰው አለ?»

ፊቱ ተለወጠ። «አንድ ወጣት ነበረ። ከዓመታት በፊት ነው፣ ሌላ ተራራ ላይ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ጋሽ ጫፍን ሊቀድማቸው የደረሰ። ጉም ውስጥ ገደል ገባ። ቀስት ማንበብ ተሳስቶ ነው ተባለ።»

«የማን ልጅ ነበር?»

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን ነገር አናነሳውም፣ ኢንስፔክተር። እናቱን ላለማሳዘን ብለን ተስማምተናል።»

«እሺ። ጋሽ ጫፍስ አንስተውት ያውቃሉ?»

«በስሙ አላነሱትም። ባለፈው ወር ቤቴ ተሰብስበን ሲጫወቱ ግን...» ኩሽናው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። «የድሮ ተንኮላቸውን ይነግሩን ነበር። ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ቀስቱን አዙረው ይሄዱ እንደነበር። የተራራውንም ስም ጠሩ። እኛ ሳቅን። አምላኬ፣ ሁላችንም እኮ ሳቅን።»

«ሁላችሁም?»

«እትዬ መምህር ሻይ ልቅዳ ብለው ተነሱ» አለና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከሰዓት በኋላው ሳይጋመስ ሬዲዮው ዶዘሩ መድረሱን ተናገረ። መርማሪዋ ሦስቱንም ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ መተላለፊያ አስቀመጠቻቸው። በሩን አላስከፈተችም።

«ትሰማኛለህ?» አለች ወደ ሳንቃው።

«እሰማለሁ» አለ ታናሽየው ከውስጥ።

«ጥሩ። ሦስት ሰዎች ይህን ሰው ውሸታም ያሉት ቀስቱ ወደ ገደሉ አያሳይም ብለው ነው። ጋሽ ጫፍ ግን ከመሞታቸው በፊት ቀስቱን ከነኮምፓሱ ፎቶ አንስተውታል።» ካሜራውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ቀስቱ ወደ ሰሜን ነበር፣ ወደ ገደሉ። አሁን ወደ ደቡብ ነው። ዋናውንም ምልክት ደቡብ ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ትክክለኛው የአሁኑ ነው። አንድ ሰው ድንጋዩን ወደ ገደሉ አዞረው፤ ጋሽ ጫፍ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ወደ ቦታው መለሰው።»

«ወንድምየው ራሱ ቢሆንስ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፤ ልቡ ግን ንግግሩ ውስጥ አልነበረም።

«ቆይ። እሱ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ለምን ይመልሳል? እንዳለ ቢተወው ሁላችሁም ‹ዝናብ ያላላው ድንጋይ ነው፣ አደጋ ነው› ትሉ ነበር። ድንጋዩ መመለሱ የጎዳው እሱን ብቻ ነው።»

ጠባቂው «እውነትሽን ነው» አሉ ለራሳቸው።

«ፎቶው ከተነሳ በኋላ፣ እናንተ ቀስቱን ከማየታችሁ በፊት ነው የተመለሰው። በዚያ መሃል ዶክተሩና አባት ገደሉ ሥር አብረው ነበሩ። የዶክተሩ መፈንቀያ ጥቁር ብረት ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ጭረት ግን የአሉሚኒየም ነው። ከላይ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ሲጣራ ቆይቶ መሃል ላይ ዝም ያለ።» ወደ ቀዩ ጃኬት ዞረች። «እትዬ፣ ምርኩዝዎ የተጣመመው ሲያዞሩት ነው ወይስ ሲመልሱት?»

ሁለቱም ወንዶች ወደሳቸው ዞሩ።

«ሲመለስ ነው» አሉ እትዬ መምህር። «ጠዋት ቀሎኝ ነበር። ሲመለስ ከበደኝ።»

«ጃኬቱ የልጅዎ ነው።»

«የዚያን ቀን ረስቶት የሄደው ነው። ሰው ሁሉ ቀስት ማንበብ ሳያውቅ ሞተ አለ። እኔ ነኝ ካርታ ያስተማርኩት፤ ከእጅ ጽሕፈት በፊት ካርታ ነው የለመደው። እኔ አስተማሪው፣ እኔ እናቱ፣ ምን አጎድዬበት ይሆን እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ። የሱን መንገድ ልየው ብዬ ማኅበራቸው ገባሁ። ሰውየው ባለፈው ወር እየሳቀ ሲነግረን አንጀቴ ተቆረጠ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም እኮ። ያደረገውን የሚያውቅ አልመሰለኝም። ያው እሱ እንዳደረገው አደረግሁት።»

«ለምን መለሱት ታዲያ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ቢተዉት ኖሮ ማንም...»

«ቆሜ ስጣራ ድንጋዩ እግሬ ሥር ነበር» አሉ። «ጉም ነው። ነገ ደግሞ ሌላው ይመጣል፣ ቀስቱን አምኖ ይሄዳል። የማን ልጅ እንደሚሆን ምን አውቃለሁ? እንደዚያ ትቼው መውረድ አልቻልኩም። ይህ ልጅ በሱ ይያዛል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ቁልፉን ለኔ ሰጣችሁኝ። ደጋግሜ ልናገር እነሳለሁ፣ አፌ እንቢ ይላል። ዶዘሩ እንዳይደርስ ስጸልይ ነበር የዋልኩት።»

መርማሪዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ያዘነችላቸው ጥቂት ናቸው። ለዚህች ሴት አዘነች፤ ማዘኗንም አልደበቀችም።

«ይክፈቱለት፣ እትዬ» አለች።

እትዬ መምህር ተነሱ። ቁልፉን ከኪሳቸው ሲያወጡ ጠባቂው ሊያግዟቸው ቢነሱ መርማሪዋ በእጇ ከለከለቻቸው። በሩ ሲከፈት ታናሽየው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ወንድሙ መሞቱን ጠዋት አውቆ ነበር፤ ወንድሙ ገዳይ መሆኑን ግን ያወቀው ገና አሁን ነው።

«ስለ እሱ ይቅር በለኝ አልልህም» አሉት እትዬ መምህር። «ስለ አንተ ግን ይቅር በለኝ።»

ታናሽየው ከበሩ ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸውም አልፈውት ገቡ፤ ከሣጥኑ ሥር ያልተነካውን ዳቦ አንስተው ለሱ ከሰጡት በኋላ በቦታው ተቀመጡ። ቁልፉን ለመርማሪዋ ዘረጉላት።

መርማሪዋ ቁልፉን ተቀብላ ኪሷ ከተተች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ወንበር ስባ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ዶዘሩ ድንጋይ ሲገፋ ይሰማ ጀመር።